አቡ ረይሓን አል ቢሩኒ፦ በውሃና በሚዛን የመረመረው ዓሊም

በዚህ እትም የምናነሣውን ዓሊም አብዛኞቻችሁ በስም ታውቁታላችሁ። በየፕሮግራሙ የሙስሊም ሳይንቲስቶች ስም ሲዘረዘር ከአል ኸዋሪዝሚ፣ ከኢብኑ ሲናና ከኢብኑል ሀይሠም ጋር ይጠራል፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ስም እንሻገራለን። በስሙ መኩራት ቀላል ነው። ምን ሠራ፣ በምን ዕቃስ ሠራው ብሎ መጠየቁን ግን ብዙ አልለመድነውም። ዘንድሮ እንድንጠይቅ ያነሣሣን ከመካከላችን አናሊቲካል ኬሚስትሪ የሚማሩት ናቸው። ከላብ በወጡ ቁጥር አንድ ነገር ያነሣሉ፦ ያ ሁሉ የተጠቀምንበት ፈሳሽ የት ይሄዳል?

አቡ ረይሓን ሙሐመድ ኢብኑ አሕመድ አል ቢሩኒ በ362 ዓመተ ሂጅራ፣ በ973 እ.ኤ.አ. በኸዋሪዝም ምድር ካስ በምትባል ከተማ ተወለደ። አካባቢው ዛሬ ኡዝቤኪስታን ውስጥ ነው። ቢሩን በፋርስኛ ውጭ ማለት ነው፤ ከከተማው ቅጥር ውጭ ከሚኖሩት ወገን ስለነበር በዚያው ተጠራ። ዕድሉ ግን መልካም አስተማሪ ሰጠው። አቡ ነስር መንሱር የሚባለው፣ ከገዢው ቤተሰብ የተወለደ የሒሳብ ሊቅ፣ ልጁን አስጠግቶ አስተማረው። ቢሩኒ በ17 ዓመቱ የፀሐይን ከፍታ ለክቶ ከተማው ከምድር ወገብ ምን ያህል እንደምትርቅ አወጣ።

ሃያዎቹን ሳያጋምስ ጦርነት መጣ። በ995 የጁርጃኒያ ገዢዎች ካስን ያዙ፣ የአስተማሪው ቤተሰብም ከሥልጣን ወረደ፣ ወጣቱ ሸሸ። በሬይ ከተማ በችግር ኖረ። እዚያ አንድ የከዋክብት ሊቅ በድህነቱ ሲንቀው፣ ኑሮው ከተሻሻለ በኋላ ግን ያው ሰው ወዳጅ እንደሆነው ራሱ ጽፎታል። በሰው ቤት ተጠግቶ፣ የሰው መጽሐፍ ተውሶ የተማረ ሁሉ ይህ ታሪክ ይገባዋል።

በ997 ወደ ካስ ተመልሶ ከባግዳዱ አቡል ወፋእ ጋር ተቀጣጥረው አንድን የጨረቃ ግርዶሽ እያንዳንዳቸው ከየከተማቸው ተመለከቱ። ግርዶሹ ለሁሉም የሚታየው በአንድ ቅጽበት ነው፤ የሁለቱ ከተሞች ሰዓት ግን ይለያያል። በመካከላቸው ካለው የሰዓት ልዩነት በኬንትሮስ ምን ያህል እንደሚራራቁ ይታወቃል። ለዚህ ሙከራ ያስፈለገው ዓይን፣ ሰዓት መለኪያና ቃል የሚያከብር ወዳጅ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ በጁርጃን ገዢ በቃቡስ ዘንድ ተቀመጠ፤ ስለ ሕዝቦች የዘመን አቆጣጠር የጻፈውን ትልቅ መጽሐፍም በ1000 ገደማ ለእርሱ አበረከተ። ወደ ኸዋሪዝም ተመልሶም የገዢው አማካሪ ሆነ። በ1017 ግን የገዝናው ሱልጣን ማሕሙድ አገሩን ወረረ፣ ቢሩኒም ከሌሎች ሊቃውንት ጋር ወደ ገዝና ተወሰደ። በክብር ይሁን በምርኮ ለመለየት ያስቸግራል። እኛ ወደ ሁለተኛው እናደላለን።

በ1018 ከካቡል አጠገብ ሳለ የሚለካበት ዕቃ አልነበረውም። የሒሳብ ሰሌዳውን ገልብጦ በጀርባው የክበብ ሩብ ሣለ፣ ክር ላይ ክብደት አንጠለጠለ፣ በዚያ የፀሐይን ከፍታ ለካ። መሣሪያ የለም ብሎ ሥራ ማቆም የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ወደ ተነሣንበት ጉዳይ የሚያደርሰን ግን ስለ ማዕድናትና ስለ ከበሩ ድንጋዮች ክብደት የሠራው ነው። የዘመኑ ጥያቄ የገበያ ጥያቄ ነበር። ይህ ወርቅ ንጹሕ ነው ወይስ ብር ወይም መዳብ ተቀላቅሎበታል? ይህ ቀይ ድንጋይ ያቁት ነው ወይስ ባለቀለም መስታወት? ወርቁን ማቅለጥ፣ ድንጋዩን መፈርከስ መልስ ይሰጥ ይሆናል፤ ዕቃው ግን ይበላሻል። ቢሩኒ ሳይሰብር፣ ሳያቃጥል፣ ምንም ሳያፈስስ የሚለይበት መንገድ ፈለገ።

ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሚሄድ ዕቃ አሠራ። በጎኑ ላይ ወደ ታች የታጠፈ ቧንቧ አለው። ዕቃው ውሃ ይሞላል፤ ትርፉ በቧንቧው ይንጠባጠብና ይቆማል። ከዚያ የሚመረመረው ነገር ተመዝኖ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ የገፋው ውሃ በቧንቧው ወጥቶ ከታች በተቀመጠው የሚዛን ሳሕን ላይ ይጠራቀማል። የዕቃው ክብደት ለወጣው ውሃ ክብደት ሲካፈል ከውሃ ስንት እጥፍ እንደሚከብድ ይታወቃል። የዕቃው አንገት የጠበበው በምክንያት ነው፦ ጥቂት ውሃ ቢጨመርም በጠባብ አንገት ላይ ከፍታው ጎልቶ ይታያል። ሙቅ ውሃና ቀዝቃዛ ውሃ፣ ጨዋማውና ጣፋጩ እኩል እንደማይከብዱም አስተውሏል።

በዚህ መንገድ 18 የሚሆኑ ማዕድናትና ድንጋዮችን መረመረ። ልኬቶቹ በእኛ አቆጣጠር ሲሰሉ ወርቅ 19.26፣ እርሳስ 11.40፣ ብረት 7.82፣ ቆርቆሮ 7.22 ይመጣሉ። በዛሬ የመማሪያ መጻሕፍት ወርቅ 19.3፣ እርሳስ 11.3፣ ብረት 7.9፣ ቆርቆሮ 7.3 ገደማ ነው። ይህ ሁሉ የተገኘው በውሃ፣ በሚዛንና በትዕግሥት ነው። ከመቶ ዓመት ያህል በኋላ አል ኻዚኒ ሚዛኑል ሒክማ በተባለው መጽሐፉ ይህን ሥራ መዝግቦ አስፋፍቶታል።

አሁን ከዘመናችን ላብ ጋር እናስተያየው። በብረት ማዕድን ውስጥ ስንት በመቶ ብረት እንዳለ ለማወቅ በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች ለብዙ አሥርት ዓመታት የሠሩት ሙከራ ሜርኩሪክ ክሎራይድና ፖታሲየም ዳይክሮሜት ይጠይቅ ነበር። አንደኛው የሜርኩሪ መርዝ ነው፤ በሁለተኛው ውስጥ ያለው ክሮሚየም ካንሰር ያመጣል። መስታወት ዕቃ ለማጠብም ዳይክሮሜት በሰልፈሪክ አሲድ ተበጥብጦ ይቀመጥ ነበር። እውነተኛ መልስ ለማግኘት ብሎ መርዝ ወደ ሲንክ መድፋት ግማሽ እውቀት ነው። በከተማችን ደግሞ ሲንክ የነገሩ መጨረሻ አይደለም። የቀጨኔ ወንዝ ከእንጦጦ ሥር ወርዶ ጉለሌን አልፎ፣ ከሌሎቹ የከተማው ወንዞች ጋር ወደ አቃቂ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በአቃቂ ዳር በዚያ ውሃ ጎመንና ሰላጣ የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። ያንን ጎመን የምንበላው እኛው ነን።

ይህን የሚያስተካክል የትምህርት መንገድ በዓለም ላይ ከተጀመረ ቆይቷል። ፖል አናስታስና ጆን ዋርነር በ1998 ካወጧቸው 12 የአረንጓዴ ኬሚስትሪ መርሖዎች የመጀመሪያው ቆሻሻን ከተፈጠረ በኋላ ከማጽዳት እንዳይፈጠር ማድረግ ይሻላል የሚል ነው። ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። ረሡላችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ ውሃ፣ ማለትም በሁለት እጅ እፍኝ ያህል፣ ውዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲስ ተምረናል። በ50 ሚሊ ሊትር የሚሠራው ቲትሬሽን በ2 ሚሊ ሊትር ሊሠራ ሲችል ቀሪው 48 ኢስራፍ ነው ብንል የሚከራከረን ያለ አይመስለንም።

ቢሩኒን ወደ ቀጨኔ ብናመጣውስ? ቀጨኔ የሸክላ ሠሪዎች ሰፈር ነው፤ ጀበናው፣ ምጣዱ፣ ድስቱ ከእናቶቻችን እጅ ወጥቶ ይተኮሳል። ከዚያ የተሰበረ የጀበና ገል ማግኘት አይቸግርም። ገሉን አድርቃችሁ መዝኑ፤ ለምሳሌ 120 ግራም ሆነ እንበል። ሁለት ሰዓት ያህል በውሃ ቀቅላችሁ በውሃው ውስጥ እንዳለ አቀዝቅዙትና ላዩን ብቻ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ እንደገና መዝኑ፤ 138 ይሁን። የጨመረው 18 ግራም በገሉ ቀዳዳዎች የገባ ውሃ ነው። አሁን ውሃ ያለበትን ቢከር ሚዛኑ ላይ አድርጋችሁ ንባቡን ዜሮ አድርጉት፤ ገሉን በክር አንጠልጥላችሁ የቢከሩን ታችም ጎንም ሳይነካ አስጥሙት። ሚዛኑ 63 ቢያሳይ የገሉ ይዘት 63 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚህ ውስጥ 18ቱ ቀዳዳ ስለሆነ ከመቶ 28.6 ያህሉ ባዶ ነው ማለት ነው። የቀረው 45 ሚሊ ሊትር ጠጣር 120 ግራም ከመዘነ፣ አፈሩ ራሱ ከውሃ 2.67 እጥፍ ይከብዳል። እንስራ ውሃ የሚያቀዘቅዘው በእነዚያ ቀዳዳዎች ወጥቶ በሚተነው ውሃ እንደሆነም ተማሪው በቁጥር ያየዋል።

አምስት ጊዜ ደጋግሞ አማካዩንና የልኬቱን ስርጭት ማውጣት፣ ስሕተቱ ከክሩ ነው ከጨርቁ ብሎ መከራከር፣ ስንት አሃዝ መጻፍ እንደሚገባ መወሰን፣ ይህ ሁሉ ሙሉ የአናሊቲካል ኬሚስትሪ ትምህርት ነው። ሲያልቅ ውሃው አበባ ይጠጣበታል፣ ገሉም ለሚቀጥለው ቡድን ይተላለፋል። እርግጥ ሁሉንም ነገር በውሃ መመርመር አይቻልም። በመጠጥ ውሃ ውስጥ ያለ ፍሎራይድ ወይም በአትክልት ውስጥ ያለ እርሳስ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። አሲድ የግድ ሲሆን በጠብታ ይሁን፣ ዝቃጩም ስሙ ተጽፎበት በዕቃ ይጠራቀም ነው የምንለው።

እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እንበል። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪዎች በእጅ ሥራቸው ምክንያት ስንት ዘመን ተንቀዋል፣ ክፉ ስምም ተለጥፎባቸዋል። ቢሩኒ ስለ ከበሩ ድንጋዮች ሲጽፍ የጌጥ ነጋዴዎችንና የእጅ ባለሙያዎችን ያውቁታልና ይጠይቅ ነበር። የትኛው አፈር ሲተኮስ እንደሚሰነጠቅ ከእነዚያ እናቶች የበለጠ የሚነግረን የላብራቶሪ ማኑዋል የለም።

ሰምቶ ማመን ግን ልማዱ አልነበረም። እባብ ዙመሩድ የሚባለውን አረንጓዴ ድንጋይ ካየ ዓይኑ ይጠፋል የሚል ወሬ በመጻሕፍት ሁሉ ተጽፎ ነበር። ቢሩኒ የዙመሩድ ሐብል በእባብ ፊት አንጠለጠለ፣ ድንጋዩን ከሥሩም አነጠፈለት፤ በሙቀትም በብርድም ለ9 ወር ያህል ደጋገመው። እባቡ ምንም አልሆነም። ተራ ብረትን ወርቅ እናደርጋለን የሚሉትንም አልተቀበለም።

በገዝና ሳለ የሶላት ወቅት የሚለይበት መሣሪያ ቢያዘጋጅ፣ የመስጊዱ ሙአዚን በላዩ የሩም ወሮች ስለተጻፉበት አልጠቀምም አለ። ቢሩኒም ሩሞች ምግብም ይበላሉና በዚህም እንዳትመስሏቸው ተጠንቀቁ የሚል መልስ ሰጠው። የዱንያ እውቀትና የዲን እውቀት ይጣላሉ የሚል ሰው ሲገጥመን ይህ ታሪክ ትዝ ይለናል። የገዝናን ቂብላ ለማግኘት ብሎ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈም እርሱ ነው።

ሳንስክሪት ተምሮ በ1030 ገደማ ስለ ሕንድ የጻፈው መጽሐፍ ለብቻው እትም ይፈልጋል፤ የሱልጣን ማሕሙድ ዘመቻ ያንን አገር እንዴት እንዳወደመው በዚያው መጽሐፍ ሳይሸፍን መጻፉን ብቻ እንጠቁም። የማሕሙድ ልጅ መስዑድ ሲነግሥ ትልቁን የሥነ ፈለክ መጽሐፉን አበረከተለት። ንጉሡ የዝሆን ጭነት ብር ቢልክለት አያስፈልገኝም ብሎ መለሰው ይባላል።

በእርጅናው ዓይኑና ጆሮው ደከሙ። የመጨረሻ ሥራው ስለ መድኃኒት ዕፅዋትና ማዕድናት ነበር፤ ስማቸውን በየቋንቋው እየለየ፣ አንዱ በሌላው እንዳይሳሳት የሚያደርግ መጽሐፍ። ብዙ መጻሕፍት በ440 ሂጅራ፣ በ1048 ሞተ ይላሉ፤ በዚህ መጽሐፍ 80 ዓመት እንዳለፈው ስለሚጠቅስ ሁለት ዓመት የሚጨምሩም አሉ።

በሕመሙ መጨረሻ አል ወልዋሊጂ የሚባል ፈቂህ ሊጠይቀው ገባ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሳለ ቢሩኒ ቀድሞ ስላወሩበት የሚራስ ጉዳይ፣ ስለ አያቶች ድርሻ ስሌት ጠየቀው። ፈቂሁ አዝኖለት በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነህ ነውን ቢለው፣ ሳላውቀው ከምሄድ አውቄው ብሄድ አይሻልምን ብሎ መለሰለት። ፈቂሁም አስረዳው፤ እርሱም መልሶ አለለትና ያዘው። ሰውየው ተሰናብቶ ወጥቶ ገና መንገድ ላይ ሳለ ከቤቱ የለቅሶ ድምፅ ሰማ። ረሒመሁላህ።