አውገስት ቮልመር፦ ከፖስታ አመላላሽነት እስከ ፖሊስ መምህርነት

በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በአሜሪካ ከተሞች ፖሊስ ሆኖ የሚቀጠር ወጣት የሚጠብቀው ሥልጠና እጅግ አጭር ነበር። ሽጉጥ፣ ዱላና የደረት መለያ ይሰጠዋል፤ ለጥቂት ቀናት አንድን ነባር ፖሊስ ኋላ ኋላ እየተከተለ ይዞራል፤ ከዚያም ለብቻው ይሠማራል። ነባሩ ብልህና ቅን ሰው ከሆነ ጀማሪው ዕድለኛ ነው። ነባሩ ከቁማር ቤት ባለቤቶች ድርጎ የሚቀበል፣ ተጠርጣሪን በጡጫ የሚያናግር ከሆነ ደግሞ ጀማሪው የሚቀስመው ይህንኑ ነው። ችግሩ ነባሮች አለማስተማራቸው ሳይሆን፣ ያላቸውን ሁሉ ደጉንም ክፉውንም ሳይለዩ ማውረሳቸው ነበር። ይህን ልማድ ለመለወጥ ዕድሜውን ያሳለፈው አውገስት ቮልመር ራሱ በተራ ፖሊስነት አንድም ቀን ሳያገለግል የፖሊስ አለቃ የሆነ ሰው ነው።

ቮልመር ከጀርመን ከፈለሱ ወላጆች በ1876 በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ገና በልጅነቱ ሞተበት። በትምህርት ገበታ የቆየው ጥቂት ጊዜ ሲሆን፣ የሒሳብ መዝገብ አያያዝ፣ የጽሕፈት መኪናና አጭር ጽሕፈት ከመማር አላለፈም። እናቱ ልጆቿን ይዛ ወደ ካሊፎርኒያ ተሻገረችና በበርክሌይ ኖሩ። እዚያም ከባልንጀራው ጋር ሆኖ ከሰልና የከብት መኖ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። በ1898 ከእስፓኝ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ ወደ ፊሊፒንስ ዘመተ፤ ሲመለስ ፖስታ አመላላሽ ሆኖ ተቀጠረ።

በ1904 አንድ ዕቃ የጫነ ፉርጎ አምልጦ በሻተክ ጎዳና ቁልቁል መገስገስ ጀመረ። ከታች ደግሞ መንገደኞች የተሳፈሩበት ባቡር ቆሞ ነበር። ቮልመር ሮጦ ፉርጎው ላይ በመዝለል ፍሬኑን ያዘና አቆመው። ከተማው በሙሉ ስሙን አነሣ። በበርክሌይ የነበረው የፖሊስ ሥርዓት የላላ ስለ ነበር፣ በሚመጣው ምርጫ ለከተማው ማርሻልነት እንዲወዳደር ወዳጆቹ ገፋፉት። በ1905 በሰፊ ድምፅ ተመረጠ። ዕድሜው ሃያ ዘጠኝ ነበር። በ1909 የማርሻልነቱ ሹመት ቀርቶ የከተማው የመጀመሪያው የፖሊስ አዛዥ ሆነ።

ለፖሊሶቹ ብስክሌት ማደሉ፣ በየመንገዱ ቀይ መብራት አስተክሎ ተረኛው መብራቱን ሲያይ ወደ ጣቢያ እንዲደውል ማድረጉ፣ በኋላም መኪና ማስገባቱ በብዙ መጻሕፍት ተጽፎለታል። በዚህ ላይ መቆየት አያሻም፤ መሣሪያ በገንዘብ ይገዛል። የሚከብደው ብስክሌቱ ላይ የሚወጣውን ሰው ማዘጋጀት ነው።

ቮልመር ራሱን ማስተማር የጀመረው አለማወቁ ስላሳፈረው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ገና በሥራው መጀመሪያ ዓመታት፣ እርሱ ግድያ ነው ብሎ የጠረጠረው አንድ አሟሟት፣ ማስረጃውን አሟልቶ ማቅረብ ባለመቻሉ ራስን እንደ መግደል ተቆጥሮ ተዘጋ። በዚያው ዘመን በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው የሥነ ሕይወት ሊቅ ዣክ ሎብ የኦስትሪያዊውን የወንጀል መርማሪ ዳኛ የሃንስ ግሮስን መጻሕፍት እንዲያነብ መከረው። ቮልመር መጽሐፉን አንብቦ ብቻ አላስቀመጠውም። እርሱ ያላወቀውን ፖሊሶቹም እንደማያውቁት ስለ ተረዳ፣ በ1908 በጣቢያው ውስጥ ትምህርት ቤት ከፈተ።

ይህ ትምህርት ቤት ለዛሬ አሠልጣኞች ሳይቀር የሚያስተምር አንድ ጠባይ ነበረው። ስለ ማስረጃ ሕግ የሚናገረው ከዩኒቨርሲቲው የመጣ የሕግ መምህር ነው፤ ስለ ፖሊስ አሠራር የሚያስተምረው ግን ከጎረቤቱ ከኦክላንድ ከተማ የተጠራ፣ በሥራው ያረጀ የፖሊስ መርማሪ ነበር። ቮልመር የነባሩን ልምድ አልናቀም። ልምዱን ከጨለማ መንገድ ሹክሹክታ አውጥቶ ሁሉም በሚሰማውና ሕግ አዋቂው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አስነገረው። በመንገድ ላይ ለአንድ ጀማሪ በጆሮው ሊነገር የሚችል ብዙ ነገር አለ፤ በዚያ ክፍል ቆሞ መናገር ግን የሚያሳፍር ነው። ትምህርቱ ከዓመት ወደ ዓመት እየሰፋ ሄዶ ኬሚስትሪን፣ የሰውነት አካል ጥናትን፣ ሥነ ልቡናን፣ የመጀመሪያ ርዳታንና የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን የያዘ የሦስት ዓመት ኮርስ ሆነ።

ከክፍሉ ይልቅ ብዙ ያስተማረው ምናልባት የዓርቡ ስብሰባ ሳይሆን አይቀርም። ክራብ ክለብ ይሉት ነበር፤ የአጉረምራሚዎች ማኅበር እንደ ማለት ነው። በዚያ ስብሰባ ማዕረግ ለጊዜው ወደ ጎን ይደረጋል። ነባሩ የጀማሪውን ስሕተት፣ ጀማሪው የነባሩን፣ ሁሉም የአዛዡን ጉድለት በግልጥ ያነሣል፤ የተወቀሰውም ቂም ሳይዝ መልስ ይሰጣል። በዲሲፕሊን ለተያዘ መሥሪያ ቤት ይህ አደገኛ ነገር ይመስላል። ሆኖም ነባር ሲሳሳት ማን ያርመዋል ለሚለው ጥያቄ እስካሁን ከዚህ የተሻለ መልስ ያገኘ መሥሪያ ቤት ጥቂት ነው።

ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ቮልመር የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን መመልመል ያዘ። አመልካቾችንም ለሠራዊቱ በተዘጋጀው የአእምሮ ፈተና አጣራ። ሕዝቡ የኮሌጅ ፖሊሶች እያለ አፌዘባቸው። ከእነዚህ መካከል በ1919 የተቀጠረው ጥቁር አሜሪካዊው ዋልተር ጎርደን ይገኝበታል፤ ተቃውሞ ቢነሣም ቮልመር ከውሳኔው አልተመለሰም። ጎርደን ፖሊስ እየሆነ ሕግ ተማረ፤ በኋላም የቨርጂን ደሴቶች አገረ ገዥ ሆነ። በፊዚዮሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ የነበረው ጆን ላርሰን በዚያው ጣቢያ እያገለገለ በ1921 የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ሠራ። ቮልመር ሙከራውን የደገፈው በድብደባ ቃል መቀበልን አጥብቆ ይጠላ ስለ ነበር ነው። መሣሪያው የታሰበውን ያህል እውነት ለይቶ ባይገኝም፣ ዱላን ለማስጣል የታሰበ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ይህ ሁሉ የተሠራው በትንሽ ከተማ፣ አዛዡ እያንዳንዱን ፖሊስ በስሙ በሚያውቅበት ጣቢያ ነው። በ1923 ሎስ አንጀለስ ለአንድ ዓመት ተውሶ በወሰደው ጊዜ ልዩነቱ ታየ። ትልቁን ሠራዊት በዚያው የአእምሮ ፈተና መፈተኑ ብዙ ነባር መኮንኖችን አስቆጣ። እነርሱን ከጎኑ ሳያሰልፍ ሥራውን ለመለወጥ መነሣቱ ስሕተት ነበር። ከቁማርና ከሕገ ወጥ መጠጥ የሚጠቀሙት ደግሞ ቁጣውን አራገቡት። ዓመቱ ሲያልቅ ወደ በርክሌይ ተመለሰ፤ የዘረጋውም አሠራር በአብዛኛው ፈረሰ።

በፕሬዚዳንት ሁቨር የተቋቋመው የዊከርሻም ኮሚሽን በ1931 ስለ ፖሊስ ያወጣውን ሪፖርት የመራው ቮልመር ነው። ሪፖርቱ የአዛዦች የሥራ ዘመን ማጠርን፣ የፖለቲከኞችን ጣልቃ ገብነትና የምልምሎችን አለመሠልጠን በግልጥ አወጣ። እርሱም በ1932 ከፖሊስ አዛዥነት ጡረታ ወጥቶ እስከ 1930ዎቹ መጨረሻ ድረስ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት አስተማረ። አሥረኛ ክፍል እንኳ ያልደረሰ ሰው በዚያ ወንበር መቀመጡ በጊዜው ብዙ አነጋግሯል።

ጉድለቱን መሸፈን ለሙያው አይጠቅምም። ወንጀል በዘር ይወረሳል የሚለው የዘመኑ አስተሳሰብ በትምህርት ቤቱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ ቦታ ነበረው፤ በዚህም ዛሬ ታሪክ ጸሐፊዎች በትክክል ይወቅሱታል። ከፊሊፒንስ ዘመቻ ያመጣው የወታደር አሠራር ወደ ከተማ ፖሊስነት መሸጋገሩም የሚያከራክር ጉዳይ ነው። አስተማሪ የሚያወርሰው ጥበቡን ብቻ አለመሆኑን ያየው ቮልመር፣ የራሱን ዘመን ስሕተት ግን አላየም። ጀማሪን በመንገድ ላይ የሚመራውን ነባር መርጦ፣ ራሱን አሠልጥኖ፣ የየቀኑን ሥራ በጽሑፍ እንዲመዝን ማድረግም በርክሌይ ላይ የተሟላ ሥርዓት አልሆነም። ያን በደንብ የዘረጋው የሳን ሆሴ ከተማ ፖሊስ ነው፤ ዘመኑም 1972 ነበር።

የቮልመር ደቀ መዛሙርት በየከተማው የፖሊስ አዛዥ ሆኑ። ከእነርሱ ዋነኛው በ1921 ተማሪ ሳለ በተራ ፖሊስነት የገባው ኦርላንዶ ዊልሰን ነው፤ በ1928 የዊቺታ ከተማ ፖሊስ አዛዥ ሆኖ ትምህርት ቤቱን እዚያ ተከለ። ሽማግሌው ጡረታ ከወጣ በኋላም ከእነዚህ ሰዎች ጋር ደብዳቤ መጻጻፉን አላቋረጠም። ነገር ግን የፓርኪንሰን በሽታ እጁን ያንቀጠቅጠው፣ ካንሰርም ያሠቃየው ጀመር። ኖቬምበር 4 ቀን 1955፣ በ79 ዓመቱ፣ በበርክሌይ በመኖሪያ ቤቱ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። በዚያን ጊዜ ዊልሰን በዚያው ከተማ በዩኒቨርሲቲው በ1950 የተከፈተው የክሪሚኖሎጂ ትምህርት ቤት ዲን ነበር። በ1960 ቺካጎ በፖሊሶቿ ሌብነት በተዋረደች ጊዜ የተጠራውም እርሱ ነው። የበርክሌዩ የክሪሚኖሎጂ ትምህርት ቤት ግን በ1976 ተዘጋ።