ማኅሌታይ ያሬድ

በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ መዝሙረ ዳዊት ከሚማሩት ልጆች መካከል ትምህርት አልገባ ያለው አንድ ነበረ። ስሙም ያሬድ ይባላል። ጌዴዎን አጎቱ ቢሆንም አልራራለትም፤ ይገርፈው ነበር። ባልንጀሮቹም ይሥቁበት ነበርና ልጁ ተስፋ ቆርጦ ጠፋ።

ገድሉ እንደሚተርከው፣ ማይ ኪራህ በሚባል ስፍራ ከዛፍ ጥላ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ፍሬ ለመብላት ግንዱን ሲወጣ ተመለከተ። ትሉ ስድስት ጊዜ ወደቀ፤ በሰባተኛው ደረሰ። ያሬድም አልቅሶ ጸለየ፤ ተመልሶም መምህሩን ይቅርታ ለመነ። ከዚያ በኋላ ብሉይና ሐዲስን አጠና፤ ዲያቆንም ሆነ።

ግዕዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የሚባሉት ሦስቱ ዜማዎች ከሰማይ እንደ ተገለጡለት ቤተ ክርስቲያን ታስተምራለች። ይህን በታሪክ ሚዛን ለመመዘን የሚሻ ተማሪ ይኖር ይሆናል፤ ቢሆንም በስሙ የሚጠሩት መጻሕፍት ዛሬም ይዘመርባቸዋል። ምዕራፍ መዝሙረ ዳዊት በምን ዜማ እንደሚባል ያሳያል። ድጓ ደግሞ በዮሐንስ፣ በአስተምህሮና በፋሲካ ተከፍሎ ዓመቱን ይዞራል፤ ለዐቢይ ጾም ጾመ ድጓ አለው፤ በዚያን ጊዜ ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ። ስለዚህ ደብተራው ዜማ ብቻ አያሰማም፤ ክርስቶስን ከልደቱ እስከ ጥምቀቱ፣ ከሕማሙ እስከ ትንሣኤው በየዓመቱ እግር በእግር ይከተለዋል።

ያሬድ ራሱም እንዲሁ ተከተለ። አንድ ቀን በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጠው ጦራቸውን በእግሩ ላይ ተከሉት፤ ደሙ ፈሰሰ፤ ሁለቱም ግን ማኅሌቱ እስኪፈጸም አላወቁም ይባላል። ንጉሡ ደንግጠው የፈለገውን እንዲጠይቅ ቢፈቅዱለት ርስትም ሹመትም አልለመነም። የለመነው ከቤተ መንግሥት እንዲያሰናብቱት ብቻ ነበር። በዝማሬ የታመነበትን አምላክ በብቸኝነት ሊከተል ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደ፤ በዚያም እያስተማረ ኖሮ ተሰወረ። መታሰቢያውም ግንቦት 11 ቀን ነው።

እኛ ተማሪዎች ስለ ያሬድ ስንናገር ትሉን አዘውትረን እናነሣለን፤ በፈተና የወደቀ ሁሉ ይጽናናበታልና። ነገር ግን ትሉ የሚያስረዳን እንዴት እንደ ተማረ ብቻ ነው። የተማረው ለምን እንደ ሆነ ያሳየው፣ በዝናው ጊዜ ትቶት የሄደው ቤተ መንግሥት ነው።