ጥልፍ የተማረው ሐኪም

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጁን 24 ቀን 1894 የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በጩቤ ተወግተው በዚያው ሌሊት ዐረፉ። ካርኖ ወደ ፖለቲካ ከመግባታቸው በፊት የመንገድና የድልድይ መሐንዲስ ነበሩና የሙያ ባልደረባችን ብንላቸው ያስኬዳል። ለሞት ያበቃቸው ወደ ጉበት የሚገባው ትልቅ ደም መልስ መቆረጡ ነበር፤ በአልጋቸው ዙሪያ የተሰበሰቡት ሐኪሞች የተቆረጠ የደም ሥር የሚሰፉበት አስተማማኝ ዘዴ አልነበራቸውም። ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው አራት ቀን የቀረው የሕክምና ተማሪ አሌክሲ ካሬል ግን ይህን አሜን ብሎ አልተቀበለም።

ሊዮን የሐርና የጥልፍ አገር ናት። ካሬል ወደ አንዲት ስመ ጥር ጠላፊ ዘንድ ሄዶ እጅግ በቀጭን መርፌና ክር መሥራትን ተማረ፤ በ1902ም ዘዴውን በጽሑፍ አወጣ። ሁለቱን የደም ሥር ጫፎች ገጥሞ በአፋቸው ዙሪያ በእኩል ርቀት ሦስት መያዣ ክሮች ያስራል። ክሮቹ በሦስት አቅጣጫ ሲሳቡ ክቡ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ መርፌው የሚልፈሰፈስ ክብ መዞሩ ቀርቶ በሦስት ቀጥታ ጠርዞች ላይ ይሄዳል፤ የማዶውንም ግድግዳ አብሮ አይሰፋም። ደም ባዕድ ነገር ሲነካ ስለሚረጋ ክሩን ቫዝሊን ይቀባዋል። የስፌቱ መጥበብ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የውሃ ሥራ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳል፤ ግፊቱና ርዝመቱ ሳይለወጡ የቧንቧ ዲያሜትር በግማሽ ቢቀንስ በዝግታ የሚፈሰው ፈሳሽ ወደ 1/16 ይወርዳል።

ካሬል በሉርድ ስላየው ፈውስ በመመስከሩ የሊዮን ሐኪሞች ፊት ነሱት። በ1904 ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በቺካጎ ከቻርልስ ጋትሪ ጋር ሠራ፤ በ1906 ኒው ዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ተቋም ገባ። በዚያው ከተማ በ1908 ከተወለደች ጥቂት ቀን የሆናት ሕፃን ደሟ አልቆም ብሎ ልትሞት ተቃረበች። አባትዋ ራሱ የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበር። ካሬል የአባትየውን የእጅ አንጓ ደም ቅዳ ከሕፃኒቱ እግር ደም መልስ ጋር ሰፋው፤ ደሙም ከአባት ወደ ልጅ በቀጥታ ፈሰሰ። ሕፃኒቱ ዳነች።

በ1912 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ጋትሪ ከሽልማቱ አለመካፈሉ ግን በእኔ እምነት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የኋላው ዘመኑ እንደ ስፌቱ ንጹሕ አይደለም። በ1935 ከአውሮፕላን አብራሪው ሊንድበርግ ጋር የአካል ክፍሎችን ከሰውነት ውጭ በሕይወት የሚያቆይ የመስተዋት ፓምፕ ሠራ፤ በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ አንዳንድ ወንጀለኞች በጋዝ ቢገደሉ መልካም ነው አለ። ፈረንሳይ በጀርመን በተያዘች ጊዜ በቪሺ መንግሥት ሥር አንድ ተቋም መራ፤ ኖቬምበር 5 ቀን 1944 ፓሪስ ውስጥ ሞተ። በስሙ ይጠራ የነበረው የሊዮን የሕክምና ፋኩልቲ በ1996 ስሙን ለወጠ።

ካሬል ከሞተ ከሃያ ሁለት ዓመት ገደማ በኋላ፣ በ1966፣ ብሬሻ፣ ቺሚኖና ጓደኞቻቸው በኒው ዮርክ ኩላሊታቸው ለደከመ ሕሙማን የእጅ አንጓን ደም ቅዳ ከጎኑ ካለው ደም መልስ ጋር እንደሚሰፉ አስታወቁ። ካሬል ከአባትየው የወሰደው ያንኑ ደም ቅዳ ነበር። ደም መልሱ የደም ቅዳውን ግፊት ሲቀበል ይሰፋል፤ ግድግዳውም ይወፍራል፤ ከዚያ በኋላ የእጥበቱን መርፌ በየጊዜው መሸከም ይችላል። በትንሽ ልጅ ላይ ግን የደም ቅዳው ውፍረት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም ስለማይበልጥ ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ከጠጉር በቀጠነ ክር ይሰፋል። ስፌቱ ለሥራ እስኪደርስ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ልጁ በአንገቱ ደም መልስ በገባ ቱቦ ይታጠባል፤ ቱቦው ደግሞ ነገ የሚያስፈልገውን የደም ሥር ሊያጠብና ሊዘጋ ይችላል። ስለዚህም ኩላሊቱ የታመመ ልጅ ደም ሲቀዳ ነርሶች ክንዱን ትተው ከእጁ ጀርባ እንዲቀዱ ይታዘዛሉ።