የኦኔሲሞስ ነሲብ ምኞት

ልጆች ሆይ፤ በድሬዳዋ ገበያ የኦሮሞን ቋንቋ ዕለት ዕለት ትሰማላችሁ። በዚህ ቋንቋ መጽሐፍ ቅዱስን የተረጐሙት አቶ ኦኔሲሞስ ነሲብ ናቸው። በልጅነታቸው ተሰርቀው ለባርነት ተሸጡ፤ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1870 ዓመት በምጽዋ ነፃ ወጡ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት፥ ኋላም በስዊድን አገር ተማሩ። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ጥቂት ነበረና፥ ዕውቀታቸውን ለሀብትና ለክብር ለማዋል በቻሉ ነበር። እርሳቸው ግን ወገኖቻቸው የእግዚአብሔርን ቃል በገዛ ቋንቋቸው እንዲያነቡ ተመኙ። ከአስቴር ጋኖ ጋር ብዙ ደክመው፥ በ1899 ሙሉው መጽሐፍ ታተመ። በ1904 ወደ ወለጋ ተመለሱ፤ ስብከት በተከለከሉ ጊዜ እንኳ ማስተማርን አልተዉም። በ1931 ዐረፉ። እንግዲህ ከፍ ለማለት መመኘት ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ለራሳችን ብቻ ወይስ ለእግዚአብሔርና ለወንድሞቻችን እንደ ሆነ ልባችንን እንመርምር።