ለአገር ጎብኚ በር የከፈቱ ሰው፤ የስቲቨን ማዘር የሕይወት ታሪክ

አንድ አገር ረዣዥም ተራሮች፥ ፏፏቴዎችና የዱር አራዊት ስላሏት ብቻ ጎብኚ ይጎርፍላታል ማለት አይደለም። ተራራው ከጥንት ጀምሮ በቦታው አለ፤ ነገር ግን ወደ ተራራው የሚያደርስ መንገድ፥ ከመንገድ በኋላ የሚያርፉበት ቤት፥ በቤቱም ውስጥ ንጹሕ ምግብና መኝታ፥ ከዚያም ሁሉ በላይ ቦታውን የሚጠብቅና ለእንግዳው የሚያስረዳ ሠራተኛ ከሌለ፥ ውበቱ ለባለአገሩም ለእንግዳውም ሳይጠቅም ይቀራል። ይህን ሁሉ የማሟላቱ ሥራ ለነጋዴ ብቻ ቢተው ቦታው እንዳይጠፋ ያሰጋል፤ ገንዘብና ሠራተኛ ለሌለው ቢሮ ቢተው ደግሞ ሥራው ከወረቀት አያልፍም። ሁለቱን አስማምተው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከምንም በማቋቋም ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣውን የአሜሪካዊውን የሚስተር ስቲቨን ማዘርን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሚስተር ማዘር ጁላይ 4 ቀን 1867 ዓ.ም. በካሊፎርኒያ አገር በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ተወለዱ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1887 ዓ.ም. ከተመረቁ በኋላ ወደ ኒው ዮርክ ሄደው ሰን በተባለው ጋዜጣ ወሬ አቀባይ ሆኑ። ሕዝብ ምን ሲነገረው ጆሮውን እንደሚሰጥ የተማሩት በዚህ ሥራ ላይ ሳሉ ነው። በ1893 ዓ.ም. ትዳር መሥርተው፥ በዚያው ዓመት አባታቸው ይሠሩበት ወደነበረው የቦራክስ ኩባንያ ገቡ።

ቦራክስ ከካሊፎርኒያ በረሃ የሚወጣ፥ ለልብስ ማጠቢያና ለልዩ ልዩ ፋብሪካ የሚያገለግል ነጭ ማዕድን ነው። ቀደም ባለው ዘመን ይህን ማዕድን የሞት ሸለቆ ከተባለው ቆላ እስከ ባቡር ጣቢያ ያወጡት የነበሩት በሃያ በቅሎ የሚሳቡ ከባድ ሠረገላዎች ነበሩ። ሚስተር ማዘር የበቅሎዎቹን ታሪክ የዕቃው መታወቂያ በማድረግ ማንም ልብ የማይለውን ነጭ ዱቄት በየቤቱ እንዲታወቅ አደረጉት። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ከአንድ ወዳጃቸው ጋር የራሳቸውን የቦራክስ ኩባንያ አቋቁመው ባለጸጋ ሆኑ። ይሁን እንጂ ሀብቱ ሲበዛ ጤናቸው ይታወክ ጀመር። በ1903 ዓ.ም. በጽኑ የመንፈስ ሕመም ወድቀው ነበር። ዕረፍትና መጽናናት የሚያገኙት ወደ ተራራ ሲወጡ ስለነበር በ1904 ዓ.ም. የተራራ ወዳጆች ማኅበር የሆነው የሴራ ክለብ አባል ሆኑ።

በዚያን ጊዜ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርክ አልጐደላትም። የመጀመሪያው ፓርክ የሎውስቶን በሕግ የተከለለው በ1872 ዓ.ም. ነበር። ነገር ግን ፓርኮቹን ሁሉ በአንድነት የሚመራ መሥሪያ ቤት አልነበረም። የሎውስቶንን ወታደሮች ይጠብቁት ነበር፤ ሌሎቹን ቦታዎች ሦስት ሚኒስቴሮች ተከፋፍለው ይዘዋቸው ነበር። መንገዱ በበጋ አቧራ፥ በዝናብ ጭቃ ነበር፤ ማረፊያው ጥቂት፥ ያለውም ቆሻሻ ነበር። ሚስተር ማዘር በ1914 ዓ.ም. ሴኳያንና ዮሰሚቲን ጐብኝተው ባዩት ነገር ስላዘኑ ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ለሚስተር ፍራንክሊን ሌን አቤቱታ ጻፉ። ሚኒስትሩም የፓርኮቹ አያያዝ ካላስደሰታቸው ራሳቸው መጥተው እንዲያስተዳድሩ መለሱላቸው እየተባለ ሲነገር ይኖራል። የደብዳቤው ነገር እንዴትም ቢሆን፥ ነቃፊው በጃንዋሪ 1915 ዓ.ም. የሚኒስትሩ ረዳት ሆነው ሥራውን ተረከቡ። ደመወዛቸው በዓመት 2,750 ዶላር ሲሆን ይህ ለባለሚሊዮኑ ነጋዴ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም።

በቢሮው ውስጥ ያገኙት ረዳት ሆሬስ ኦልብራይት የተባለ የ25 ዓመት ወጣት የሕግ ምሩቅ ነበር። ሚስተር ማዘር ሰው ማሳመን ያውቃሉ፤ ወጣቱ ደግሞ ደብዳቤ እንዴት ከቢሮ ወደ ቢሮ እንደሚተላለፍ፥ የሕግ ረቂቅ እንዴት እንደሚዘጋጅ ያውቃል። ሁለቱ ባይገናኙ ኖሮ ያ ሁሉ ሥራ ባልተፈጸመም ነበር።

ሚስተር ማዘር ሥራቸውን የጀመሩት ከማስታወቅ ነው። ሕዝብ የማያውቀውን ነገር አይወድም፤ ሕዝብ ላልወደደውም ነገር ምክር ቤት ገንዘብ አይፈቅድም። ስለዚህ የጋዜጣ ባልደረባቸው የነበሩትን ሚስተር ሮበርት ስተርሊንግ ያርድን አስመጥተው ደመወዛቸውን ከራሳቸው ኪስ ከፈሉ። በ1916 ዓ.ም. ስለ ብሔራዊ ፓርኮች በሥዕል የተዋበ አልበም ታተመ። ለማሳተሚያው 17 የባቡር ኩባንያዎች 43,000 ዶላር አዋጡ፤ 275,000 ቅጂም ለምክር ቤት አባሎችና ለታላላቅ ሰዎች ተላከ። የባቡር ኩባንያዎቹ ገንዘብ ያወጡት ተሳፋሪ እንደሚያገኙበት ስላወቁ ነው። ጊዜውም አመቺ ነበር። አውሮፓ በጦርነት ስለተዘጋ ወደ ስዊስ ተራሮች ይሄድ የነበረው አሜሪካዊ የገዛ አገሩን ለማየት ተገደደ።

ሁለተኛው ሥራቸው ወሳኝ ሰዎችን ወደ ቦታው መውሰድ ነበር። በጁላይ 1915 ዓ.ም. የምክር ቤት አባል፥ የባቡር ኩባንያ ሹም፥ የናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አዘጋጅና ሌሎችም የተገኙበትን ቡድን ይዘው በሴራ ኔቫዳ ተራራ ሁለት ሳምንት ተጓዙ። ወጪውን የቻሉት እርሳቸው ናቸው። ታይ ሲንግ የተባለ ቻይናዊ የወጥ ቤት ሠራተኛ ስንቁን በበቅሎ ጭኖ ከዱር መካከል ነጭ የጠረጴዛ ልብስ እያነጠፈ ያማረ ግብር ያቀርብ ነበር፤ በዮሰሚቲም አንድ ተራራ በስሙ ተጠርቶለታል። የዚያ ጉዞ ፍሬ ቶሎ ታየ። በሴኳያ ፓርክ ውስጥ በግለሰቦች እጅ የነበረውን የታላላቅ ዛፎች ደን ለመግዛት 70,000 ዶላር ሲጠየቅ፥ ምክር ቤቱ 50,000 ፈቀደ፤ የጎደለውን 20,000 የጂኦግራፊ ማኅበሩ ሞላ። እንዲሁም ወደ ዮሰሚቲ ደጋ የሚያስገባውን አሮጌ የታዮጋ መንገድ በ15,500 ዶላር አስገዝተው ለመንግሥት ሲያስረክቡ፥ እኩሌታ ያህሉን የከፈሉት ራሳቸው ናቸው።

በኦገስት 25 ቀን 1916 ዓ.ም. ፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰን የብሔራዊ ፓርኮችን መሥሪያ ቤት የሚያቋቁመውን ሕግ ፈረሙ። ለአዲሱ መሥሪያ ቤት 35 ፓርኮችና ልዩ ልዩ የመታሰቢያ ቦታዎች ተሰጡት። ሕጉ ሁለት ነገር ያዝዛል፤ ይኸውም ሕዝቡ በቦታዎቹ እንዲደሰት፥ ቦታዎቹም ሳይበላሹ ለሚመጣው ትውልድ እንዲተላለፉ ነው። ሁለቱ ትእዛዞች ሲነበቡ ይስማማሉ፤ ሲሠራባቸው ግን ይጋጫሉ። የሚስተር ማዘር የቀረው ዘመን ሁሉ ያለቀው በዚህ ግጭት መካከል ነው።

ሥራው በተጀመረ በወራት ውስጥ፥ በጃንዋሪ 1917 ዓ.ም.፥ የቀድሞው ሕመም ተመልሶ ጣላቸው። ዲሬክተርነቱ የተሰጣቸው ሰው ሆስፒታል ሲተኙ መሥሪያ ቤቱን ያደራጀው፥ ሠራተኛ የቀጠረው፥ የመጀመሪያውን በጀት የጠየቀው ወጣቱ ኦልብራይት ነበር። ሚስተር ማዘር ድነው ሲመለሱ ወንበራቸው በታማኝነት ተጠብቆ ቆያቸው።

ከዚያ በኋላ ለጎብኚው የሚያስፈልገውን አንድ በአንድ አሟሉ። አውቶሞቢል በፓርኮቹ እንዲገባ ደገፉ፤ የሎውስቶን የተከፈተለት በ1915 ዓ.ም. ነበር። በየፓርኩ እርስ በርሳቸው የሚሻሙትን ትናንሽ ሆቴሎች ትተው፥ ለአንድ ጠንካራ ኩባንያ ፈቃድ እየሰጡ ዋጋውን መንግሥት እንዲወስን አደረጉ። ጥበቃውም በወዳጅነት ለተሾሙ ሰዎች መቀለጃ መሆኑ ቀርቶ የደንብ ልብስ ለለበሱና ሥራውን ለሚወዱ ወጣቶች ተሰጠ። በ1920 ዓ.ም. ደግሞ በዮሰሚቲ ስለ አዕዋፍና ስለ ዕፀዋት ለጎብኚ የሚያስረዱ ሊቃውንት ሥራ ጀመሩ። በ1916 ዓ.ም. 400 ሺህ ያልሞላው የጎብኚ ቁጥር በ1928 ዓ.ም. 3 ሚሊዮን ያህል ደረሰ።

ነገር ግን ሚስተር ማዘር ለሚጠይቃቸው ሁሉ እሺ የሚሉ ሰው አልነበሩም። በየሎውስቶን ውሃ ገድበው እርሻ ለማጠጣት የፈለጉትን ተቃውመው አስቀሩ። በግሌሸር ፓርክ የባቡር ኩባንያው ለሆቴሉ ሥራ ያቆመውን የእንጨት መሰንጠቂያ እንዲያነሣ ቢጠየቅ ስለዘገየ፥ በኦገስት 1925 ዓ.ም. እንግዶች በተሰበሰቡበት መሰንጠቂያውን በድማሚት አፈረሱት። በዚሁ ፓርክ ተራራውን የሚያቋርጥ መንገድ ሲታቀድ፥ ገደሉን በብዙ ጥምዝምዝ የሚያቆስለውን ርካሽ ዕቅድ ትተው የበለጠ ገንዘብ የሚጠይቀውን መረጡ።

ስለ ግዛት መንግሥታትም ያሰቡት ነገር ሊጠቀስ ይገባል። አሜሪካ የብዙ ግዛቶች ኅብረት ስለሆነች፥ እያንዳንዱ ግዛት ያማረ ኮረብታውን ብሔራዊ ፓርክ አድርጉልኝ እያለ ይለምን ነበር። ሚስተር ማዘር ሁሉን ቢቀበሉ የፓርክ ክብር እንደሚረክስ፥ ሁሉን ቢመልሱም ብዙ መልካም ቦታ እንደሚጠፋ ተረዱ። ስለዚህ በ1921 ዓ.ም. በአዮዋ ግዛት በዴ ሞይን ከተማ ጉባኤ አስጠርተው፥ ግዛቶች በራሳቸው ሕግና በራሳቸው ገንዘብ ለሕዝባቸው ቅርብ የሆኑ ፓርኮችን እንዲያቋቁሙ አሳሰቡ። በካሊፎርኒያ የሬድዉድ ዛፎችን ለማዳን ሲዋጣም ከራሳቸው 15,000 ዶላር ሰጡ። ሩቅ አገር ለመሄድ አቅም የሌለው ሠራተኛ ቅዳሜና እሑድ ልጆቹን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ያገኘው በዚህ መንገድ ነው።

ጉድለታቸውንም መሸፈን አይገባንም። በግሌሸር ምሥራቅ የሚኖሩት የብላክፊት ሕዝብ በ1895 ዓ.ም. ተራራማውን መሬት ሲለቁ የማደንና እንጨት የመቁረጥ መብታቸው በውል ተጠብቆላቸው ነበር፤ በ1910 ዓ.ም. ፓርክ ከተከለለ በኋላ ግን ያ መብት ተነፈጋቸው። ከዚህም የሚብሰው፥ በአደን ከተከለከሉበት ተራራ ሥር የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ለባቡር ማስታወቂያ ሥዕል መሆናቸው ነው። በየሎውስቶንም ተኩላ እንደ ጠላት እየታደነ በ1926 ዓ.ም. ገደማ ዘሩ ከፓርኩ ጠፋ፤ ተመልሶ የገባው በ1995 ዓ.ም. ነው። የራሳቸው ገንዘብ ነገርም አከራካሪ ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከግለሰብ ኪስ እንዳይከፈል ሕግ ሲወጣ ሚስተር ያርድ በ1919 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱን ለቀቁ። ለጋስነቱ የሚያስመሰግን ቢሆንም፥ በአንድ ሰው ቦርሳ የቆመ ሥራ ሰውዬው በታመመ ቀን እንደሚታመም ማወቅ ያስፈልጋል።

ሚስተር ማዘር በኖቬምበር 1928 ዓ.ም. ግማሽ አካላቸውን የሚያሰንፍ ሕመም ያዛቸው። በጃንዋሪ 1929 ዓ.ም. ሥራቸውን ሲለቁ የተተኩት ያው ኦልብራይት ናቸው፤ እርሳቸውም በዚያን ጊዜ የ39 ዓመት ሰው ነበሩ። ሚስተር ማዘር ጃንዋሪ 22 ቀን 1930 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። በብዙ ፓርኮች የሥራቸውን መታሰቢያ የያዘ የነሐስ ሰሌዳ ተተክሎላቸዋል።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይምሰለን። በ1978 ዓ.ም. ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ በመጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 ቦታዎች መካከል የሎውስቶን አንዱ ሲሆን፥ የእኛ የሰሜን ተራሮችና የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከዚያው መዝገብ ላይ ተጽፈዋል። የሰሜን ፓርክ በእርሻና በከብት ግጦሽ፥ በዋሊያና በቀይ ቀበሮም ቁጥር መቀነስ ምክንያት ከ1996 እስከ 2017 ዓ.ም. አደጋ ካሰጋቸው ቅርሶች ተርታ ተቈጥሮ እንደነበር ስናስታውስ፥ ጎብኚን መጥራት፥ ቦታውን መጠበቅና የነዋሪውን ኑሮ ማሰብ አንድ ሥራ መሆናቸው ይገባናል። በቢሮ የተቀመጠ ወጣት ሹምም በሦስቱ ጉዳዮች ላይ ደብዳቤ ሲጽፍ ሦስቱን ለያይቶ እንዳያስብ፥ ከሚስተር ማዘር ብርታትም ከስሕተታቸውም ይማር እንላለን።