አባ ባጊቦና የሰቃ ገበያ፦ የመንግሥት ንግድ በሊሙ እናርያ

በሊሙ ገነት ዙሪያ የመንግሥት የልማት ድርጅት ታሪክ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የሚጀምር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ መንግሥት ዋና ነጋዴ የሆነበት ዘመን ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ይቀድማል። የዚያ ዘመን ባለታሪክ የሊሙ እናርያ ንጉሥ ኢብሳ፣ በፈረስ ስማቸው አባ ባጊቦ፣ ናቸው።

አባ ባጊቦ እ.ኤ.አ. በ1825 አባታቸውን ቦፎን ተክተው ነገሡ፤ እስከ 1861ም ገዙ። ከጎረቤት ነገሥታት ጋር በጋብቻ ተሳሰሩ፤ እስልምናንም በግዛታቸው አጸኑ። የኃይላቸው ዋና ምንጭ ግን ንግድ ነበር። ከጎጃምና ከጎንደር የሚመጡ ሲራራ ነጋዴዎች ከሰቃ አልፈው ወደ ከፋ እንዳይዘልቁ ከለከሉ። የወርቅ ንግድን ለቤተ መንግሥት ብቻ አደረጉ፤ በየኬላውም ቀረጥ አስከፈሉ። ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጎን በገበያው ሰው በባርነት ይሸጥ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። በ1843 እናርያ የደረሰው ፈረንሳዊው አንትዋን ዳባዲ እንኳ ወደ ከፋ የዘለቀው በንጉሡ ፈቃድ፣ የንጉሡን ሙሽራ ሊያመጡ ከሄዱ መልእክተኞች ጋር ነበር።

ይህ ሥርዓት ግምጃ ቤቱን ቢሞላም ትርፉ የተመሠረተው በምርት ዕድገት ሳይሆን መተላለፊያን በመያዝ ላይ ነበር። በ1840ዎቹ የሲራራ መንገድ ቁልፍ የነበረው ባዲ ፎላ በጅማ መንግሥት እጅ ሲገባ ድክመቱ ተገለጠ፤ ነጋዴው አማራጭ መንገድ አገኘ። ከአባ ባጊቦ ሞት በኋላ ሰቃ እየደበዘዘች፣ የጅማው የሂርማታ ገበያ እየደመቀ ሄደ። ሊሙ እናርያም በ1891 በምኒልክ ግዛት ሥር ገባ።

የአባ ባጊቦ መንግሥት ዘመናዊ የልማት ድርጅት አልነበረም፤ የንጉሡ ሀብትና የመንግሥት ገቢም በወጉ አልተለዩም። ቢሆንም ታሪካቸው ለዛሬው የማሻሻያ ክርክር አንድ ጥያቄ ያቀብላል። የሊሙ የመንግሥት ቡና እርሻዎች በኋላ ወደ ግል ባለሀብት ተዛውረዋል። ክርክሩ ብዙ ጊዜ በባለቤትነት ላይ ያተኩራል፤ መቅደም ያለበት ግን ትርፉ ከምን ይመነጫል የሚለው ነው። ከተዘጋ በር የሚገኝ ገቢ ባለቤቱ መንግሥትም ሆነ ግለሰብ፣ በሩ የተከፈተ ዕለት ይነጥፋል። በተሻለ ምርትና አሠራር ላይ የቆመ ድርጅት ግን ተወዳዳሪ ሲመጣበት የሚመክትበት አቅም ይኖረዋል።