የማጂው ቆንስል፦ አርኖልድ ሆድሰን (1881 – 1944)

ማጂ ዛሬ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በምዕራብ ኦሞ ዞን የምትገኝ የገበሬ አገር ናት። ደጋው ላይ ገብስና እንሰት፣ ወረድ ሲባል በቆሎና ቡና ይመረታል። በአንድ ወቅት የእንግሊዝ ቆንስላ እንደነበረባት ለጓደኞቼ ስነግራቸው ቀልድ ይመስላቸዋል። በዚህ አጭር ጽሑፍ እዚያ ቆንስል የነበረውን የአርኖልድ ሆድሰንን የሕይወት ታሪክ ለማቅረብ እሞክራለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሆድሰን የተወለደው በ1881 ነው። ወጣት ሳለ በደቡብ አፍሪካው የቦር ጦርነት ተሳተፈ፤ ከዚያም በቤቹዋናላንድ፣ ማለትም በዛሬዋ ቦትስዋና፣ የፖሊስ መኮንን ሆነ። በ1914 ወደ አገራችን መጥቶ የደቡብ ኢትዮጵያ ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ መቀመጫውም ቦረና ውስጥ ሜጋ ነበር። እዚያም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከክሬቨን ዎከር ጋር ሆኖ የኦሮምኛ ሰዋስው አዘጋጅቶ በ1922 አሳተመ። በ1923 ደግሞ ወደ ማጂ ተዛወረ።

ለምን ማጂ? የምኒልክ ጦር ካፋን በ1897 ከያዘ በኋላ ማጂም ብዙ ሳትቆይ ተጠቃለለች፤ የዲዚ ገበሬም ለነፍጠኛ ገባር ሆነ። ከተማዋ የዝሆን ጥርስና የጠመንጃ መናኸሪያ ሆነች። ከሁሉ የከፋው ግን የባሪያ ንግዱ ነው። ስንቱ ቤተሰብ ተበተነ፤ ስንቱ ማሳ ጦም አደረ! ሱዳንና ኬንያ ያኔ በእንግሊዝ እጅ ስለነበሩ ድንበር ተሻግሮ የሚደረገው ዘረፋና የዝሆን አደን ለንደንን ያሳስባት ነበር። ስለዚህ ቆንስል የተላከው ከምንም በላይ ለድንበሩ ተብሎ ነው እንጂ ለገበሬው ታስቦ አይደለም ባይ ነኝ።

ኢትዮጵያ በዚያው በ1923 የመንግሥታት ማኅበር አባል ሆነች፤ በ1924ም ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ እንዲወጡ የሚደነግግ አዋጅ ወጣ። ነገር ግን አዲስ አበባ ላይ የታወጀ ነገር ማጂ እስኪደርስ መንገዱ ሩቅ ነበር። ባርነትን ጨርሶ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1942 ነው።

ሆድሰን ማጂን ከለቀቀ በኋላ ዕድሉ ቀናው። የፎክላንድ ደሴቶች፣ የሴራሊዮን፣ በመጨረሻም ከ1934 እስከ 1941 የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ገዥ ሆነ። በ1935 አክራ ላይ የሬዲዮ ስርጭት ያስጀመረው እሱ ነው። የሰርነት ማዕረግም አግኝቶ በ1944 አረፈ።

ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የጻፈው መጽሐፍ በ1929 ታትሟል። አርእስቱ ላይ የነገሠው ግን አንበሳ ነው፤ እኔን የሚቆጨኝም ይሄው ነው። ቆንስሉ ያየውን ጽፎ ሄደ፤ ከብቱን የተነዳበት፣ ልጁን የተነጠቀው ገበሬ ግን የሚጽፍለት አላገኘም። የገበሬው ታሪክ ያለው በሽማግሌዎች አፍ ላይ ነው። እነሱ ደግሞ አንድ በአንድ እያለፉብን ነው። እኛ የታሪክ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋችን ርዕስ ጠፋ እያልን ከምናማርር፣ መቅረጸ ድምፅ ይዘን ወደ ማጂ ብንወጣ ምን ይለናል?